ምራቅዎን አይዋጡ

ቡናው እስኪፈላ ላውጋችሁ። ያው እንደምታውቁኝ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ልጆች ድሬ፣ እናቴን ቀብሬ፣ ምራቄን የዋጥኩ ሴት ነኝ። ባለፈው ዓመት ታዲያ የመጨረሻ ልጄን የሚያህል ሐኪም በጀርባዬ አስተኝቶ «ማዘር፣ ምራቅዎን አይዋጡ» አለኝ።

መጀመሪያ ያየችው ፀጉሬን የምትሠራኝ ልጅ ናት። መስተዋት ፊት ቁጭ ብዬ ውሃ ስጎነጭ፣ «እትዬ፣ አንገትዎ ላይ ከፍ ዝቅ የሚለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ዳሰስኩት። ከባቄላ ተለቅ ያለች ጓል ናት፤ ስውጥ ትወጣለች፣ ስተነፍስ ዝም ትላለች።

እንቅርት ለኛ ቤት እንግዳ አይደለም። አያቴ ጎጃም ውስጥ እንቅርቷን ይዛ ኖራ፣ ይዛው ሞተች። አንገቷ ላይ እንደ ሐብል የዞረ ንቅሳት ነበራት። ለውበት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንቅርቱንም ይመልሳል ተብሎ ኖሯል። አልመለሰም። ማን ይጠይቃት? በሰፈሩ ያልነበረባት ሴት ብትኖር ነበር ጉዱ።

ክሊኒክ ስሄድ ያየችኝ ሐኪም አንገቴን ከመንካቷ በፊት «ምን ጨው እየበሉ ነው ያደጉት?» አለችኝ። እኔ ደግሞ የምግብ ፍላጎቴን የጠየቀችኝ መስሎኝ። አሞሌ፣ አልኳት፤ አያቴ በድንጋይ እየሰባበረች ወጡ ውስጥ የምትጨምረው። ነገሩ ለካ እዚያ ነው። እዚህ አንገት ላይ ያለው እጢ አዮዲን ይፈልጋል፤ ሲያጣ ያብጣል፣ ይቋጠራል። የደጋው አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲን የለውም፤ አሞሌውም የለውም። ከአሰብና ከምጽዋ አዮዲን ያለው ጨው ይመጣ ነበር። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ ቀረ፤ አገሩ ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፣ እሱም አዮዲን ሳይገባበት ገበያ ወጣ። በ1997 ተማሪ ልጆችን ሲያዩ ከ10 ወደ 4ቱ እንቅርት ተገኘባቸው። አዮዲን የግድ ነው የሚለው ደንብ የወጣው በ2003 ነው። ያን ጊዜ የኔ አንገት የሚወስነውን ወስኗል።

«አብዛኛው እባጭ ካንሰር አይደለም፤ ከ100 ዘጠናውም ከዚያ በላይም ጤነኛ ነው» አለችኝ። ለማረጋገጥ ግን በመርፌ ተቀድቶ ይመርመር ብላ ቀጠረችኝ። ቀን ቀን ዘጠናውን እቆጥራለሁ፤ ሌሊት አሥሩን። ጎረቤቴ ደግሞ፣ በሕይወት ብትኖርም ነፍሷን ይማር ልበልና፣ «ብረት ከነካው ይሰራጫል፣ እንዳታስወጊ» ብላ ሁለት ሳምንት አስቀመጠችኝ። ኋላ የወጋኝን ሐኪም ብጠይቀው ሳቀ። ሰው ለመታየት እስኪደፍር ድረስ የሚያባክነው ጊዜ ነው የሚያሰራጨው አለኝ።

ቀኑ ደረሰ። ትከሻዬ ሥር ትራስ አስገቡና አንገቴ ወደ ላይ ተለጠጠ። የፋሲካ በግ ትዝ አለኝ፣ ምን ልዋሻችሁ። መርፌውን አሳዩኝ አልኩ። ደም ከሚቀዱበትም ይቀጥናል። «ማደንዘዣ የለም?» ስለው «እሱም ራሱ መርፌ ነው፤ አንዱን ለማስቀረት ሌላ ልውጋዎት?» አለ። እውነቱን ነው። «ስወጋ አይናገሩ፣ አያስሉ፣ ምራቅዎን አይዋጡ። ሲውጡ እጢው ይንቀሳቀሳል።»

አይ እግዜር! ያን ቃል እስኪናገር ድረስ አፌ ደረቅ ነበር። «አይዋጡ» ሲለኝ ግን ሎሚ ፊቴ የተጨመቀ ይመስል አፌ ሞላ። መርፌው ገባ። ሲገባ አላመመኝም፤ ውስጥ ገብቶ ወደፊት ወደኋላ እያለ ሲጭር ነው የከበደኝ፤ ሰው ጉሮሮዬን በአውራ ጣቱ የተጫነኝ ያህል። ከዚያ ሕመሙ ዞሮ ጆሮዬ ሥር ወጣ። ተረቱ መጣልኝ፦ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ሳቄ መጣ። መሳቅ የለም፣ መዋጥ የለም፤ እንባዬ ብቻ ወረደ። ሐኪሙ ያመመኝ መስሎት «አይዞዎት፣ አለቀ» ይለኛል። አሥራ አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። እኔ ግን ሙሉ ጸሎተ ሃይማኖት ጨርሻለሁ።

«አሁን ይዋጡ።»

ዋጥኩ! ጠላ እንኳን እንደዚያ ጥሞኝ አያውቅም። ይህን ሦስት ጊዜ ደገመው። የወጣችውን ጠብታ መስታወት ላይ አድርጎ በሌላ መስታወት እንደ ቅቤ ቀባት፤ አንዳንዱን አልኮል ውስጥ ነከረ፣ ሌላውን በአየር አደረቀ። እኔ ፕላስተር ለጥፌ በታክሲ ቤቴ ገባሁ።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱ ላይ 1 የሚል ቁጥር አየሁ። አንደኛ ወጣሁ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ፤ ለልጄም ደወልኩ። ለካ 1 ማለት «የሚነበብ ሴል የለም፣ ድገሚ» ማለት ነው። መጀመሪያ በእጅ እየዳሰሱ ነበር የወጉኝ፤ በደገሙት ጊዜ በአልትራሳውንድ እያዩ ነው። ሁለተኛውን አላወራችሁም፤ እኔም ምራቄም ለምደነዋል።

ቁጥሩ ከ1 እስከ 6 ነው፤ 6 ካንሰር ነው። በ2007 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቤተዝዳ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ተሰብስበው ያወጡት ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው ከተኛባት መጠመቂያ፣ ከኛዋ ቤተ ሳይዳ ነው ሲሉኝ ትንሽ ልቤ ረጋ። በዚህ በኩል ሳይንቲስት አይደለሁም፣ ተዉኝ።

አዲሱ ወረቀት 2 ይላል። ጉዳት የለውም ማለት ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ወርጄ እንደዚያ እልል ያልኩበት ቀን የለም። ከዓመት በኋላ በአልትራሳውንድ እንድታይ ቀጠሮ ሰጥተውኛል፤ እሄዳለሁ።

በሉ አቦሉ ደረሰ፣ ስኒያችሁን አንሱ። ቆይ፣ ቆይ፤ አትጠጡ። እዚያች ግድግዳ ላይ ያለችውን መስታወት አቀብይን፣ ልጄ። አገጫችሁን ቀና አድርጉ። አንገታችሁን እያያችሁ አሁን ፉት በሉ።