የብድሩ ቀረጥ

"ቲቸር፣ ሆሳዕና ገበያ ያለው ልብስ ለምን ሁሉም የውጭ ሆነ?" አለኝ አንድ ተማሪዬ። ደወል ስለተደወለ እዚህ ልመልስለት።

በደርግ ጊዜ ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 230 በመቶ ነበር። የ100 ብር ዕቃ ቀረጡ ብቻ 230 ብር ማለት ነው! በ1985 ዓ.ም የሽግግር መንግሥቱ ካዝና ባዶ ነበር። ዓለም ባንክና አይ ኤም ኤፍ ብድሩን ከማሻሻያ ጋር አያያዙት፤ አንዱ ቀረጥ መቀነስ ነው። እየወረደ ሄዶ በ1995 ከፍተኛው 35 በመቶ ደረሰ። ሰበቡ ይሄ ብቻ ነው አልልም።

መቀነሱን አልጠላም፤ 230 በመቶ ኮንትሮባንድ ይጋብዛል። ቅር የሚለኝ ፍጥነቱ በእኛ ፋብሪካ አቅም ሳይሆን በብድሩ ፕሮግራም መለካቱ ነው።

ዩኒፎርም ይሰፉልን የነበሩት የሰፈራችን ጋሼ ዛሬ የውጭ ሱሪ ያሳጥራሉ።