የ112 ጥሪ ተቀባይና ሰው ሠራሽ አስተውሎት

በፍራንክፈርት ኦስትኤንድ የምትኖሩ ወገኖች 112 ስትደውሉ ስልኩን የሚያነሳው የከተማው እሳት አደጋ መከላከያ የጥሪ ማዕከል ነው። ሰው ወድቆ ከሆነ፣ እዚያ የተቀመጠው ሠራተኛ ቶሎ መለየት ያለበት ልቡ ቆሞ እንደሆነ ነው። ከቆመ አምቡላንሱ እስኪደርስ ደዋዩ ራሱ ደረቱን መጫን አለበት። ቤተሰብ ግን ደንግጦ «ይተነፍሳል» ይላል፤ የሚሰማው የጣር ትንፋሽ ሆኖ ሳለ።

እንዲህ ያለውን ጥሪ ኮምፒውተር ከሰው ቀድሞ ይለየው እንደሆነ በሰፊው የተሞከረው በኮፐንሃገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጥናት፣ በቀድሞ ጥሪዎች የሠለጠነው ፕሮግራም ልብ ከቆመባቸው ጥሪዎች 84 በመቶውን ሲለይ ጥሪ ተቀባዮቹ የለዩት 72.5 በመቶውን ነበር። ፕሮግራሙ ፈጣንም ነበር።

ከዚያ ሥራ ላይ አዋሉት፤ ውጤቱም በ2021 ታተመ። ፕሮግራሙ ከ169 ሺህ በላይ ጥሪዎችን አዳምጦ በ5,242ቱ ልብ ቆሟል ብሎ ጠረጠረ። እውነት ሆኖ የተገኘው 654 ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያው በዕጣ በከፊሎቹ ጥሪዎች ለሠራተኞቹ ሲታይ በሌሎቹ ተደበቀ። ሲያዩት 93.1 በመቶውን፣ ሳያዩት 90.5 በመቶውን ለዩ፤ ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ይሰማል፣ የሰማው ግን ወደ ሠራተኛው እጅ አልተሻገረም ማለት ነው።

እኔ በሠራተኞቹ አልፈርድም። ከስምንት ጊዜ ሰባቱን ያለ ጅብ «ጅብ መጣ» የሚል እረኛ ማን ያምነዋል? ያም ሆኖ ስምንተኛው ጅብ እውነተኛ ነው።

ተቃራኒውም ያሰጋል፤ ማሽኑ ዝም ካለ ሠራተኛውም ዝም እንዳይል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ የአደጋ ጥሪን የሚመዝኑ ፕሮግራሞችን ከፍተኛ አደጋ ካላቸው መደብ አስገብቷል፤ የሰው ቁጥጥር እንዲኖርባቸውም ይጠይቃል።

ለኛ ሌላም ጥያቄ አለ። የኮፐንሃገኑ ፕሮግራም የተማረው ከዴንማርክ ጥሪዎች ነው። ጨጓራው የነደደበት ሰው «ልቤን አቃጠለኝ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ ጀርመንኛ ቢመልሰው፣ ሰው ጠይቆ ያጣራል፤ ማሽን ግን የተማረውን ብቻ ይሰማል።

እንግዲህ ስትደውሉ አስቀድማችሁ መንገዱንና የቤቱን ቁጥር ተናገሩ፤ ሃናወር ላንድሽትራሰ ከኦስትኤንድ እስከ ፌኸንሃይም ይዘልቃልና ስሙ ብቻውን አይበቃም። «ይተነፍሳል» ከማለት ይልቅ ትንፋሹ እንዴት እንደሆነ፣ ያንኮራፋ፣ ያጣጥር፣ ይቆራረጥ እንደሆነ ግለጹ። ሠራተኛው ዝጉ እስኪላችሁም ስልኩን አትዝጉ።