የከተማ ሠራተኞች የጡረታ ገንዘብ፤ የዲትሮይት ከተማ ታሪክ

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ ጥቂት ሒሳብ አለን።

የዛሬው ንግግራችን የታሪክ ንግግር ነው። ነገር ግን ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት አናወራም። የምናወራው ስለ ገንዘብ አያያዝ ነው። አንድ ትልቅ ከተማ የሠራተኞቹን የጡረታ ገንዘብ እንዴት እንደያዘ፣ በኋላም ምን እንደደረሰበት እንነግራችኋለን። ከተማዋ ዲትሮይት ትባላለች። የምትገኘው በአሜሪካ አገር፣ በሚሺጋን ግዛት ነው። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጡረታ ምንድን ነው?

ሠራተኛ ሲያረጅ ከሥራ ያርፋል። ይህ ዕረፍት ጡረታ ይባላል። ያረፈው ሰው በየወሩ የሚቀበለው ገንዘብ ደግሞ የጡረታ አበል ይባላል። አበል ምጽዋት አይደለም። ሠራተኛው ጉልበት በነበረው ጊዜ የሠራበት፣ ግን ለኋላ ተብሎ የተቀመጠለት ዋጋ ነው።

እድርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእድር ውስጥ ሁሉም በየወሩ ያዋጣል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። መዝገቡ ከተበላሸ ሐዘን በደረሰ ቀን ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የጡረታ ገንዘብም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ በጊዜው ርዝመት ላይ ነው። ዛሬ የተቀመጠው ገንዘብ የሚፈለገው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ቶሎ አይታይም። ጥፋቱ ሲታይ ደግሞ ያጠፋው ሰው ከቦታው የለም።

አበሉ እንዴት ይሰላል? ብዙ ከተሞች ሦስት ነገር ያያሉ። አንደኛ፣ ሠራተኛው ስንት ዓመት አገለገለ? ሁለተኛ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመቶች ደመወዙ ስንት ነበር? ሦስተኛ፣ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከመቶ ስንት ይታሰብለታል? እስቲ በደብተራችሁ ጻፉ። አንድ ሰው 30 ዓመት አገለገለ እንበል። ለአንድ ዓመት 2 ከመቶ ይታሰብለታል። 30 ጊዜ 2፣ 60 ነው። ደመወዙ በወር 3,000 ዶላር ከነበረ የ3,000 ስድሳ ከመቶ 1,800 ዶላር ይሆናል። አበሉ ይህ ነው።

ይህን 1,800 ዶላር በየወሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ለመክፈል ዛሬ ስንት ይቀመጥ? ከባዱ ጥያቄ ይኼ ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር ይገምታሉ። የተቀመጠው ገንዘብ በንግድ ላይ ውሎ በዓመት ስንት እንደሚያተርፍም ይገምታሉ። ግምቱ ከፍ ካለ ዛሬ ጥቂት ማስቀመጥ ይበቃል። ግምቱ ሳይሞላ ከቀረ ግን ጉድለቱ በየዓመቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ዲትሮይት በደኅናው ዘመን

ዲትሮይት የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ1950 በውስጧ 1,850,000 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ግብር ከፋዩ ብዙ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም ብዙ ሠራተኛ ቀጠረ። መንገድ ጠራጊው፣ ውኃ አዳዩ፣ አውቶቡስ ነጂው፣ ጸሐፊው ሁሉ የከተማው ሠራተኛ ሆነ።

ከተማዋ ሁለት የጡረታ ፈንዶች ነበሯት። አንዱ የጠቅላላ ሠራተኞች ነበር። ሁለተኛው የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበር። እያንዳንዱ ፈንድ በቦርድ ይመራ ነበር። በቦርዱ ውስጥ የከተማው አስተዳደር ሰዎች ነበሩ፤ ሠራተኞችና ባለጡረታዎች የመረጧቸው ሰዎችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ባለአደራ ይባላሉ። ስሙ ራሱ ሥራቸውን ይናገራል። የሰው ገንዘብ በአደራ ይዘዋል ማለት ነው።

በ1963 የወጣው የሚሺጋን ሕገ መንግሥትም ለሠራተኛው ቃል ገባለት። ሠራተኛው የሠራበት የጡረታ አበል አይቀነስም፣ አይጓደልም አለ። ሠራተኞቹ ይህን አምነው ኖሩ።

ጉድለቱ ከየት መጣ?

አድማጮች ሆይ፣ ቤት በአንድ ቀን አይፈርስም። የዲትሮይትም ጉድለት በብዙ ዓመት ተጠራቀመ። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንቁጠር።

አንደኛ፣ የከተማዋ ሕዝብ ቀነሰ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ሌሎቹም ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ሰዎችም ከተማዋን ለቀው ወጡ። በ2010 ሲቆጠር የቀረው ሕዝብ 714,000 ያህል ነበር። ግብር ከፋዩ ሲያንስ የከተማዋ ገቢ አነሰ። ባለጡረታው ግን አልቀነሰም። በመጨረሻ 21,000 ያህል ባለጡረታዎች ሲኖሩ በሥራ ላይ ያለው ሠራተኛ ከነዚህ ግማሽ አይሞላም ነበር።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ባተረፈበት ዓመት ትርፉ ለክፉ ቀን አልተቀመጠም። ለባለጡረታዎች ከ12ቱ ወር አበል ሌላ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጥ ነበር። ስሙም 13ኛው ቼክ ይባል ነበር። ከትርፉ የተወሰነው በሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች ሒሳብም ይገባ ነበር። ከ1985 እስከ 2008 ድረስ በዚህ መንገድ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጣ። አንድ ቢሊዮን ማለት አንድ ሺህ ሚሊዮን ነው። ተቀባዩ ተደሰተ፤ ማንንም አልከፋውም። ነገር ግን በጥጋብ ዓመት የተረፈው እህል ከተበላ በድርቅ ዓመት ጎተራው ምን ይኖረዋል?

ሦስተኛ፣ ሠራተኞች ከጡረታቸው ሌላ በፈንዱ ዘንድ የራሳቸውን ቁጠባ ያስቀምጡ ነበር። ለዚህ ቁጠባ ፈንዱ ከፍ ያለ ወለድ ያስብላቸው ነበር። ፈንዱ ራሱ በከሰረበት ዓመት እንኳ ወለዱ ታሰበላቸው። ታዲያ ይህ ወለድ ከየት መጣ? ከጡረታው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ነው።

አራተኛ፣ ከተማዋ በ2005 እና በ2006 የጡረታውን ጉድለት ለመሙላት 1 ቢሊዮን 440 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተበደረች። ከባንኮች ጋርም ስለ ወለዱ የተወሳሰበ ውል ገባች። በ2008 የዓለም የገንዘብ ገበያ ሲናጋ ውሉ በከተማዋ ላይ ዞረ። ለጡረታው ጉድለት የተወሰደው ብድር ራሱ ሌላ ሸክም ሆነ።

አምስተኛ፣ ሙስና ነበረበት። በታኅሣሥ 2014 ሦስት ሰዎች በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። አንዱ የከተማው የገንዘብ ሹም የነበረ ነው። ሁለተኛው የጡረታ ፈንዶቹ ጠበቃ የነበረ ነው። ሦስተኛው የቦርድ አባል የነበረ ነው። የባለጡረታውን ገንዘብ ለማፍሰስ ከሚፈልጉ ነጋዴዎች ጉቦ መቀባበል ውስጥ ገብተው ነበር።

ከተማዋ ከሰረች

ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዲትሮይት መክሰሯን ለፍርድ ቤት አስታወቀች። ዕዳዋ ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ከዚያ በፊት የዚህን ያህል ዕዳ ይዞ የከሰረ የአሜሪካ ከተማ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት በግዛቱ የተሾሙት ኬቪን ኦር የተባሉ ጠበቃ ነበሩ።

ኬቪን ኦር የጡረታው ጉድለት 3 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ነው አሉ። የጡረታ ቦርዶቹ ደግሞ የለም፣ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው አሉ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሚያዩት አንድ መዝገብ ነበር። ልዩነታቸው ግምቱ ላይ ነበር። ገንዘቡ ወደፊት ስንት ያተርፋል በሚለው አልተስማሙም። እንግዲህ ግምት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ባለጡረታዎቹ ሕገ መንግሥቱን ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። «አበላችን አይቀነስም ተብሎ ተጽፏል» ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ስቲቨን ሮድስ ይባላሉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ፍርዳቸውን ሰጡ። የጡረታ አበልም እንደ ሌላው ዕዳ በኪሳራ ሕግ ሊቀነስ ይችላል አሉ። የኪሳራው ሕግ የመላ አገሪቱ ሕግ ነው፤ የሚሺጋን ሕገ መንግሥት ግን የአንድ ግዛት ነው።

ከዚያ በኋላ በቀረበው ዕቅድ ላይ የጠቅላላ ሠራተኞች አበል እስከ 34 ከመቶ ሊቀነስ እንደሚችል ተጻፈ። ደብተራችሁን ተመልከቱ። በወር 1,600 ዶላር የሚቀበል ሰው 34 ከመቶ ሲቀነስበት 544 ዶላር ያጣል። የሚቀረው 1,056 ዶላር ነው። የቤት ኪራይ፣ መድኃኒት፣ ምግብ ከዚህ ሊከፈል ነው። ያረጀ ሰው ደግሞ ተመልሶ ሥራ አይጀምርም። የዲትሮይት ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአሜሪካ መንግሥት የጡረታ መድን ውስጥ አልነበሩም። ከከተማው የሚያገኙት ጡረታ ቢቀር ሌላ መጠጊያ አልነበራቸውም።

ሥዕሉና ጡረታው

ከተማዋ አንድ ትልቅ ሀብት ነበራት። ይህም የሥዕል ሙዚየሟ ነው። በውስጡ የቫን ጎግና የብሩገል ሥዕሎች አሉ። የሜክሲኮው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ በግድግዳው ላይ የሣላቸው የፋብሪካ ሠራተኞችም አሉ። አበዳሪዎቹ «ሥዕሉ ይሸጥና እንከፈል» አሉ።

እዚህ ላይ አስታራቂ የነበሩት ዳኛ ጄራልድ ሮዘን አንድ ሐሳብ አመጡ። በጎ አድራጊ ድርጅቶች ገንዘብ ይስጡ፤ ገንዘቡ ለጡረታ ይዋል፤ ሥዕሉም አይሸጥ አሉ። ድርጅቶቹ 366 ሚሊዮን ዶላር፣ ሙዚየሙ ራሱ 100 ሚሊዮን፣ የሚሺጋን ግዛት 350 ሚሊዮን ለመስጠት ተስማሙ። ደምሩት። 816 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ20 ዓመት ውስጥ የሚሰጥ ሆኖ ታሰበ። ይህም «ታላቁ ስምምነት» ተባለ።

በ2014 በጋ ባለጡረታዎቹ ድምፅ ሰጡ። አብዛኞቹ ስምምነቱን ተቀበሉ። ወደው ነው እንዳንል ሌላው መንገድ የከፋ ነበር። ጠቅላላ ሠራተኞች አበላቸው 4 ተኩል ከመቶ ተቀነሰ። ኑሮ ሲወደድ ይጨመርላቸው የነበረውም ቀረ። የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች አበል አልተቀነሰም፤ ዓመታዊ ጭማሪያቸው ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ከቁጠባቸው ትርፍ ወለድ ወስደዋል የተባሉት ከፊሉን እንዲመልሱ ተደረገ። የሕክምና ድጋፋቸውም በእጅጉ ተቀነሰ።

የ1,600 ዶላሩን ሰው አስታውሱ። 4 ተኩል ከመቶው 72 ዶላር ነው። ከ544ቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቅናሹ በየወሩ ነው፤ ኑሮ ሲወደድም ጭማሪ የለም። በዓመቶች ብዛት ሸክሙ ይከብዳል።

ዳኛው ዕቅዱን ኅዳር 7 ቀን 2014 አጸደቁ። ታኅሣሥ 10 ቀን ከተማዋ ከኪሳራው ወጣች። የጡረታው ሥርዓትም ተለወጠ። ትርፉ አነስ ተደርጎ እንዲገመት ተወሰነ። ገንዘቡ የት እንደሚውል የሚመለከት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከተማዋ ለጥቂት ዓመቶች ከአብዛኛው የጡረታ ክፍያ እፎይ ተባለች። ክፍያው በ2024 የበጀት ዓመት እንደገና ሲጀምር እንዳይከብዳት ከ2017 አንስታ ለብቻው ገንዘብ አጠራቀመች። በዚህ ጊዜ አስቀድማ አሰበች ማለት ነው።

የትንሿ ከተማ ታሪክ

ዲትሮይት ትልቅ ከተማ ስለሆነች ረዳት አገኘች። በአላባማ ግዛት ያለችው ፕሪቻርድ ግን ትንሽ ከተማ ናት። የጡረታ ገንዘቧ በ2009 እንደሚያልቅ ከዓመታት በፊት ተነግሯት ነበር። ሰሚ አልተገኘም። በመስከረም 2009 ገንዘቡ እንደተባለው አለቀ። 150 ያህል ባለጡረታዎች የወሩን ቼክ ጠበቁ፤ አልመጣም። የሚሸጥ ሥዕል አልነበራት፤ የሚደርስላት ለጋስም አልተገኘም። ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ ምን ይረባል?

ምን እንማራለን?

የጡረታ ገንዘብ መያዝ አራት ነገር ይፈልጋል። መዋጮው በየጊዜው መግባት አለበት፤ ዘንድሮ ይለፈን አይባልም። የጥጋብ ዓመት ትርፍ ለክፉ ዓመት ይቀመጣል። ግምቱ እውነተኛ መሆን አለበት፤ ደስ የሚያሰኘው ግምት ሁልጊዜ ደኅናው አይደለም። መዝገቡም ለሁሉ የተገለጠ መሆን አለበት።

ስለ መጨረሻው ነጥብ አንድ ቃል እንጨምር። መዝገብ የሚጠቅመው የሚያነብ ሰው ሲገኝ ነው። የዲትሮይት ሠራተኛ ሌሊት እሳት ሲያጠፋ፣ ቀን አውቶቡስ ሲነዳ፣ የእርጅናው እንጀራ በወረቀት ላይ ባለ ቁጥር ውስጥ ነበረ። ፊደል ቆጥራችኋል፤ ቁጥርም ለይታችኋል። እንግዲህ ከደመወዛችሁ ወይም ከእድራችሁ ወረቀት ላይ «መዋጮ» የሚለውን ቃል ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ስንት ገባ? ስንት ወጣ? ስንት ቀረ? ብላችሁ ጠይቁ።

እስከሚቀጥለው ንግግራችን እነዚህን ጥያቄዎች በቡድን ተወያዩባቸው።

1. 13ኛው ቼክ ተቀባዩን እያስደሰተ ፈንዱን ለምን ጎዳ?
2. ከተማዋና ቦርዶቹ አንድ መዝገብ እያዩ ለምን በጉድለቱ አልተስማሙም?
3. አንድ ባለጡረታ በወር 2,000 ዶላር ቢቀበል 4 ተኩል ከመቶው ስንት ነው?

ደኅና ሁኑ።