የወሊድ ፈቃድ፤ ከዘመድ ደግነት ወደ ሕግ መብት

በኢትዮጵያ የወለደች ሴት ዕረፍት እንደሚያሻት ማንኛውም አዋጅ ከመውጣቱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። አራሷ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት፣ የቤቱን ሥራ እናቷና ጎረቤቶቿ እየተጋገዙ እየያዙላት፣ ሰውነቷ እስኪጠና ድረስ ትጠበቃለች። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እናቲቱ ቤተ መቅደስ አትገባም። ይሁን እንጂ ይህ እንክብካቤ በዘመድ አቅምና በጎ ፈቃድ የተወሰነ ነው። ሴቶች በደመወዝ መተዳደር ሲጀምሩ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። አራሷን ዘመድ ቢያበላት እንኳ የሥራ ቦታዋን ማን ይጠብቅላታል? ደመወዟንስ ማን ይከፍላል?

ይኸው ጥያቄ ቀደም ብሎ የተነሣው ፋብሪካ በተስፋፋበት በአውሮፓ ነው። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባወጣችው የፋብሪካ ሕግ እናቶች ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ ለ8 ሳምንታት እንዳይሠሩ ከለከለች፤ ለቀሩበት ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ግን አልመደበችም። ደመወዝ የሌለው ዕረፍት ደግሞ ለድኻ እናት ከቅጣት የሚለይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1919 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ ይህን ጉድለት በመገንዘብ፣ ከወሊድ በፊትና በኋላ ስድስት ስድስት ሳምንት ዕረፍት እንዲሰጥ፣ እናቲቱንና ሕፃኑን በጤና የሚያኖር ገንዘብም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወይም ከኢንሹራንስ እንዲከፈል ወሰነ። ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ወደዚሁ ድርጅት ገባች።

በአገራችን ሕግ የዕረፍቱ ዘመን ያደገው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የሥራ አዋጅ ቁጥር 64 ለወላድ ሠራተኛ 45 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቀደ። አዋጅ ቁጥር 42/1985 ይህን እጥፍ አድርጎ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ተከታታይ ቀን ሰጠ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ሙሉ ደመወዝ እየተከፈላቸው የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ ነገሩ ከአሠሪ ችሮታ ጨርሶ ወጣ። በመጨረሻም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ ወደ 90 ቀን ከፍ በማድረጉ ድምሩ 120 ቀን ሆነ።

አባትስ? ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1974 የእናትን ፈቃድ ሁለቱም ወላጆች በሚካፈሉት የወላጅነት ፈቃድ በመተካት ቀዳሚ ሆናለች። በኢትዮጵያ አባት ወደ ሕጉ የገባው ዘግይቶ ሲሆን፣ የ2011ዱ አዋጅ ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቅዶለታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ ለአባት 10 የሥራ ቀን ሰጥቶ፣ መሥሪያ ቤቶች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም፣ ልጅ ማሳደግ የእናት ብቻ ሸክም አለመሆኑን በሕግ በማሳየቱ ሊታወስ ይገባዋል።

እንግዲህ ቀኑ በርክቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1919 የተነሣው ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ከፋዩ ማነው የሚለው፣ በግል ድርጅቶች ዘንድ እልባት አላገኘም። የአራት ወር ደመወዝ የሚወጣው ከአሠሪው ኪስ ብቻ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም እርጅናን፣ የጤና ጉድለትን፣ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትንና የተተኪዎችን አበል እንጂ ወሊድን አይሸፍንም። ከዚህም የተነሣ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ወጣት ሴት ለመቅጠር ሊያመነታ ይችላል፤ ለእናት የተደነገገው ጥበቃ ገና ከመቀጠሯ በፊት እንቅፋት ሊሆንባት ነው። በሌላ በኩል የቤት ሠራተኛ ለግል አገልግሎት የተቀጠረች በመሆኗ ከሥራ አዋጁ ወሰን ውጭ ናት፤ በማሳዋ የምትሠራ ገበሬና በጉልት የምትነግድ ሴትም ደመወዝ ከፋይ የላቸውምና ፈቃድ የሚሰጣቸው አይኖርም። ለእነዚህ እናቶች ዛሬም ያለው መጠጊያ ያው የጥንቱ የጎረቤት ገንፎ ነው።

ስለሆነም የሙያ ማኅበራት ድርሻ ሁለት ነው። በአንድ በኩል እያንዳንዱ አባል፣ ሠራተኛም ሆነ የክፍል ኃላፊ፣ አሁን ያለውን መብት ጠንቅቆ ሊያውቅና ሊያስከብር ይገባዋል፤ ያልታወቀ መብት ተመልሶ ችሮታ ይሆናልና። በሌላ በኩል የወሊድ ወጪን ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት በጋራ መዋጮ የሚሸከሙበት ሥርዓት እንዲጠና ሐሳብ ማቅረብ አለባቸው። የጎረቤት ሴቶች አራሷን ሲጠይቁ ሸክሙን ለአንድ ቤት አልተዉትም፤ ሕጉም ከእነርሱ የሚማረው ይህንኑ ነው።