አምስት ሜትር ከአምስት

ዓመቱ 1876 ነው። በዚህ ትረካ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቦታው የኒው ዮርክ ወደብ፣ ወሩ ሰኔ። አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበትን መቶኛ ዓመት ታከብራለች። ለበዓሉ የሸራ ጀልባዎች እሽቅድምድም ተሰናድቷል። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ናትናኤል ሄርሾፍ የሚባል የ28 ዓመት የጀልባ መሐንዲስ ነው። ይዟት የመጣው ጀልባ ስሟ አማሪሊስ ይባላል። አማሪሊስ እንደ ሌሎቹ አንድ ሰፊ ሆድ የላትም። ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች፣ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች፣ ጎን ለጎን ሆነው በአግዳሚ ተያይዘዋል። ዛሬ ዓለም ካታማራን የሚላት ጀልባ ማለት ነው።

አማሪሊስ ሮጠች፤ ሁሉንም ጥላ ሄደች። የተሸነፉት ግን ዝም አላሉም። ይቺ ከኛ ወገን አይደለችም፣ ከኛ ጋር ልትቆጠር አይገባም ብለው አቤት አሉ። አቤቱታውም ሰሚ አገኘ፤ ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ከመደበኛው ውድድር ተገለለች።

እሷን እዚያ እንተዋትና አትላንቲክን እንሻገር። አሁን ፓሪስ ነን፤ ዓመቱ 1879። ሻርል ደ ፍሬሲኔ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ነው። ያስጨነቀው ነገር ቢኖር የፈረንሳይ ቦዮች መልክ የለሽነት ነው። አገሪቱ ከወንዝ ወንዝ የሚያገናኙ የመርከብ ቦዮች አሏት፤ ነገር ግን አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ነው። ከሰሜን ከሰል ጭኖ የተነሣ ጀልባ መንገድ ላይ ጠባብ ሎክ ገጥሞት ጭነቱን ያራግፋል።

ሎክ ምን እንደ ሆነ ላላየው ሰው ልንገረው። ኮረብታ ላይ ውኃ አይወጣም፤ ጀልባም አይወጣም። ስለዚህ በቦዩ ላይ ሁለት በር ያለው የድንጋይ ክፍል ይሠራል። ጀልባዋ በታችኛው በር ትገባና በሩ ይዘጋባታል። ከላይ ውኃ ይለቀቃል። ውኃው ሲሞላ ጀልባዋ አብራው ትነሣለች። ከዚያ የላይኛው በር ተከፍቶ ጉዞው ይቀጥላል። በዚህ ዓይነት ደረጃ በደረጃ ተራራ ይወጣል፣ ይወረዳል።

ፍሬሲኔ በዚያው ዓመት ሕግ አስወጣ። ዋና ዋና ቦዮች ሎኮቻቸው 39 ሜትር ርዝመት፣ 5.20 ሜትር ስፋት ይኑራቸው፤ የሚያልፍባቸውም ጀልባ ወርዱ እስከ 5.05 ሜትር ይሁን ተባለ። ድንጋይ ጠራቢው ለካ፣ አናጢው በር ገጠመ። ፍሬሲኔ የከሰልና የእህል ጀልባ እንጂ ባለ ሁለት ቀፎ የመዝናኛ ጀልባ በሐሳቡ አልመጣለትም። ሆኖም ቁጥሩ ድንጋይ ላይ ተጻፈ፤ ድንጋዩም እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ወደ ዘመናችን እንምጣና አንድ እንግሊዛዊ ባልና ሚስት እናስብ። ስም አንሰጣቸውም፤ እንደነሱ ያለ አሳብ ያለው ሰው በደቡብ እንግሊዝ ወደቦች ሞልቷል። ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸውን ሸጠው ጀልባ ላይ ሊኖሩ ቆርጠዋል። የቢስኬን ባሕረ ሰላጤ ማዕበል መጋፈጥ አልፈለጉም። በፈረንሳይ ሆድ ውስጥ፣ በወንዝና በቦይ አድርገው ሜዲትራኒያን ሊወርዱ ነው።

ባልየው ካታማራን ይሁን አለ። ምክንያቱም አያንስም። አንድ ቀፎ ያላት የሸራ ጀልባ ነፋስ ሲመታት ወደ ጎን ታዘማለች፤ ድስትም ሰውም አብሮ ያዘማል። ካታማራን ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከሥሯ የተንጠለጠለ ከባድ እርሳስ ስለሌላት ውኃ ውስጥ ብዙ አትጠልቅም፤ ትንንሾቹ ከአንድ ሜትር በታች ነው የሚፈልጉት። ደለል ለሞላው ቦይ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ሁለት ቀፎ ማለት ደግሞ ሁለት መኝታ ማለት ነው፤ እንግዳ ቢመጣ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን ሳሎን በመካከል አለ።

ወደ ጀልባ ትርኢት ሄዱ። እዚያ ላጉን 380 የምትባል ካታማራን አዩ፤ 11.55 ሜትር ትረዝማለች። ሳሎኗ ሰፊ፣ መስኮቷ ብዙ፣ ኩሽናዋ የቤት ኩሽና ያህል ነው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የባልየው ልብ ፈርዶ ነበር።

ሚስትየዋ ጠየቀች፦ «ወርዷ ስንት ነው?»

«6.53።»

«የሎኩ በርስ?»

ዝም አለ። ከፍሬሲኔ ሎክ በ1.33 ሜትር ትበልጣለች። መቶ ዓመት ያለፈው ሕግ በዚያች ደቂቃ ፈረደ። አዳዲሶቹ ካታማራኖች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው፤ ሳሎን እየሰፋ፣ ወርድ እየጨመረ፣ ባሕር የሚወዱ፣ ቦይ የማይገቡ ሆነዋል።

ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ ነበረባቸው። ካታማራን ትንሽ ወደ ነበረችበት ዘመን።

በ1937 ኤሪክ ደ ቢስሾፕ የሚባል ፈረንሳዊ ካይሚሎዋ በተባለች ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ከሆኖሉሉ ተነሥቶ በ1938 ካን ደረሰ። የፓስፊክ ደሴቶች ሕዝብ በእንዲህ ያለ ጀልባ ውቅያኖስ ያቋርጥ እንደ ነበር ሊያሳይ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምስ ዋራም የሚባል እንግሊዛዊ ከሁለት ጀርመናውያን ሴቶች ጋር፣ ራሱ በሠራት 7 ሜትር ከሃያ ያህል በምትረዝም ታንጋሮዋ አትላንቲክን ተሻገረ። በቴምስ አፍ፣ ካንቪ ደሴት ላይ ደግሞ ሮላንድና ፍራንሲስ ፕራውት የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። በ1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በካያክ የቀዘፉ ናቸው። ካያኮችን አጣምረው ሸራ ሰቀሉ፤ ከዚያም ካታማራን መሥራት ሥራቸው ሆነ። የሄርሾፍ ግዞተኛ ልጅ በአውሮፓ አገር አገኘች።

ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ካታማራኖች ተሠሩ። ቶም ላክ የነደፋቸው ካታላኮች አሉ፤ ትልቅ ቅርጫት የሚመስል አካል ያላቸው፣ ለፍጥነት ሳይሆን ለኑሮ የተሠሩ። የፓት ፓተርሰን ሄቨንሊ ትዊንስ አለች፤ 8 ሜትር ያህል ትረዝማለች፣ ወርዷ ከ4 ሜትር ብዙ አያልፍም። አሜሪካ ውስጥ፣ ሜሪላንድ፣ ጀሚኒ የሚባሉት ተሠሩ፤ 10 ሜትር ግድም እየረዘሙ ወርዳቸው 4.27 ብቻ ነው። እነዚህ ሁሉ የፍሬሲኔን በር ያልፋሉ።

ያልፋሉ ማለት ግን ሁሉም ይመቻሉ ማለት አይደለም። የሁለቱ ሰዎች ፍለጋ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የዋራምን ጀልባዎች አዩ። ቀፎዎቹ በገመድ ስለሚታሰሩ ተፈትተው በመኪና ይጎተታሉ፤ ዋጋቸውም ቀላል ነው። በትንንሾቹ ግን መኝታው በየቀፎው ውስጥ ነው፤ በመካከል ያለው ክፍት ወለል ነው። ከቀፎ ወደ ቀፎ ለመሄድ ዝናብ ላይ መውጣት ግድ ነው። ለጎረምሳ ጀብዱ ነው፤ ኅዳር ወር ላይ በቡርጎኝ ጭጋግ ውስጥ ለሚኖር ጡረተኛ ግን አይሆንም። አለፏቸው።

ቀጥሎ ክብደት መጣ። ጀልባ ላይ መኖር ማለት ዕቃ መጫን ማለት ነው። 200 ሊትር ውኃ 200 ኪሎ ነው። ባትሪ፣ ነዳጅ፣ መልሕቅና ሰንሰለት፣ ብስክሌት፣ የሥራ ዕቃ፣ የክረምት ልብስ፣ መጽሐፍ ይጨመርበት። ባለ አንድ ቀፎዋ ወፍራም ናትና ትሸከማለች። የካታማራን ቀፎ ግን ቀጭን ነው፤ በተጫነ ቁጥር ይጠልቃል። ሁለቱን ቀፎዎች ያገናኘው ወለል ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ባሕር ላይ ማዕበል ከሥር እየመታ ቤቱን ያናውጣል። በ8 ሜትር ካታማራን ላይ የሦስት ክፍል ቤት ዕቃ የሚጭን ሰው የገዛውን ፍጥነትም ደኅንነትም መልሶ ይሸጠዋል። ሚስትየዋ ዕቃውን ሁሉ በሚዛን እየመዘነች ጻፈች። ግማሹ ለልጆቻቸው ተሰጠ።

ሦስተኛው ቁመት ነው። የሸራ ምሰሶ ከቦይ ድልድይ ሥር አያልፍም። ከባሕር በሴን ወንዝ የሚገባ አብዛኛው ሰው ሩዋን ወይም ለ አቭር ወደብ ላይ ምሰሶውን ያወርዳል። አንዳንዱ ጣሪያው ላይ አጋድሞ ይጓዛል፤ ምሰሶው ግን ከጀልባው ይረዝማልና ከፊትም ከኋላም ተርፎ የሎክ ግድግዳ ይነካል። ሌላው በጭነት መኪና ወደ ሜዲትራኒያን ወደብ ይልካል። ፕራውቶችና ካታላኮች ምሰሷቸው አጠር ያለ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ምሰሶው ከወረደ በኋላም ነገሩ አላለቀም፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ከቱሉዝ እስከ ቶ ሐይቅ 240 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን የሚዲን ቦይ እንውሰድ። ፒየር ፖል ሪኬ በሉዊ 14ኛ ዘመን፣ ከ1666 ጀምሮ ያስቆፈረው ነው። ሪኬ በ1680 ሞተ፤ ቦዩ በ1681 ተከፈተ። የመጀመሪያው ሎኩ ግድግዳ በአፈር ግፊት ስለ ፈረሰበት ቀሪዎቹን እንቁላል ቅርጽ አድርጎ ሠራቸው። መካከላቸው ወደ 11 ሜትር ይሰፋል፤ በሮቹ ዘንድ ወደ ግማሽ ይጠባል። ድልድዮቹ ደግሞ ቅስት ናቸው። መካከላቸው ላይ 3.30 ሜትር ያህል ክፍተት አለ፤ ጠርዝ ላይ ግን 2.40 ገደማ ነው። ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ከፍታዋ መካከል ላይ ስለ ሆነ ቅስቱን ተከትላ ታልፋለች። የካታማራን ሳሎን ግን አራት ማዕዘን ሣጥን ነው፤ የጣሪያው ማዕዘኖች ቅስቱ ዝቅ ባለበት ቦታ ላይ ይውላሉ። ስለዚህ «ቁመቷ ስንት ነው» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ከመካከል ሁለት ሜትር ወደ ጎን ስንወጣ ቁመቷ ስንት ነው» ተብሎ መለካት አለበት። በካፔስታንግ ያለው ዝቅተኛ ድልድይ በዚህ የታወቀ ነው።

አራተኛው ሞተር ነው። በቦይ ላይ ሸራ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ሞተር ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ናፍጣ ሞተር ያላት ካታማራን ቦታዋ ላይ ትዞራለች፤ ነገር ግን ሁለቱ ፕሮፔለሮች በየቀፎው ሥር ናቸውና ግንድ፣ አረምና ፌስታል ያገኛቸዋል። ጀሚኒና ብዙዎቹ ፕራውቶች አንድ ሞተር በመካከል አድርገው፣ የሚዞርና የሚነሣ እግር ሰጥተውታል። ፌስታል ቢጠመጠም ብድግ አድርጎ ማላቀቅ ነው። ባልየው ይህን መረጠ።

እነሆ ገዙ። 9 ሜትር ግድም የምትረዝም፣ ወርዷ 4.30 ያልሞላ አሮጌ ካታማራን። ከመክፈላቸው በፊት ከውኃ አስወጥተው በመርማሪ አስፈተሹ፤ አግዳሚው ከቀፎው በሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን፣ የወለሉ ውስጠኛ ክፍል ውኃ መምጠጥ አለመምጠጡን።

ሩዋን ላይ ምሰሶ አወረዱ። በሴን ወንዝ ፓሪስ ገቡ፤ ባስቲይ አጠገብ በአርሰናል የጀልባ ማቆሚያ አደሩ። ከዚያ ከፊታቸው ሦስት መንገድ ነበር። የቡርጎኙ መንገድ 189 ሎክና 3.3 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ አለው፤ ዋሻውም ቅስት ነው፤ ለሣጥን ጣሪያ አይመችም። እነሱ የብሪያርን መንገድ ያዙ። ይህ ቦይ በሄንሪ 4ኛ ዘመን በ1604 ተጀምሮ በ1642 ያለቀ ነው። ብሪያር ከተማ ላይ ቦዩ ራሱ በድልድይ ሆኖ ከሎዋር ወንዝ በላይ ያልፋል፤ 662 ሜትር የሚረዝም፣ በ1896 የተከፈተ የብረት ድልድይ። ጀልባ በድልድይ ላይ፣ ወንዝ ከሥር። በተከታዮቹ ቦዮች አልፈው በሶን ወንዝ ሊዮን ደረሱ። ከዚያ ሮን ተቀበላቸው፤ ሰፊ፣ ጉልበተኛ ወንዝ። ቦሌን ላይ ያለው ሎክ ብቻውን 23 ሜትር ያወርዳል። ከፓሪስ በታች ስንቱን ጠባብ በር በሳንቲ ሜትር ያለፉት ሰዎች እዚያ ግዙፍ ሎክ ውስጥ ብቻቸውን ቆሙ። በፖር ሴን ልዊ ባሕር ገቡ፤ ምሰሶውም ተነሣ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ አሳብ አንተንም ከነካህ፣ በተለይ አውሮፓ የምትኖር ከሆነ፣ ከመግዛትህ በፊት ለሳምንት ተከራይ። በሚዲ ቦይ የሚከራዩ ጀልባዎች መንጃ ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ አጭር ትምህርት ሰጥተው ይለቁሃል። የራስህን ጀልባ ስትነዳ ግን ፈረንሳይ የብቃት ማረጋገጫ ትጠይቅሃለች፤ የቦይ አጠቃቀም ክፍያም አለ። በአውሮፓ የብርድ ወራት ደግሞ ቦዮቹ ለጥገና ይዘጋሉና የምትከርምበትን ቦታ አስቀድመህ ያዝ።

በመጨረሻም ሕጉ 5.05 ይበል እንጂ አንተ ከዚያ ዝቅ በል። ከግድግዳው ጋር የሚደርሰውን ግጭት የሚያበርዱት በአየር የተሞሉ ጎማዎች በሁለቱም ጎን ይንጠለጠላሉ፤ እነሱም ቦታ ይፈልጋሉ። ወርዷ ከ4.80 ሜትር የሚበልጥ ካታማራን ዋጋዋ ቢወርድ፣ ሳሎኗ ቢያምር፣ ለዚህ መንገድ አትግዛት።