ፈታሽ የሌለው መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1888 በፓሪሱ ፓስተር ተቋም ኤሚል ሩ እና አሌክሳንደር የርሲን የዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) ባክቴሪያ ያደገበትን ፈሳሽ አጣሩ። ባክቴሪያው በማጣሪያው ተይዞ ቀረ፤ ንጹሕ የመሰለው ፈሳሽ ግን እንስሳትን ገደለ። የሕፃናትን ጉሮሮ እየዘጋ የሚቀጥፈው በሽታ ዋና መሣሪያው ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ መሆኑ ታወቀ። መርዙ ሕዋሳት ፕሮቲን እንዳይሠሩ በማድረግ ይገድላቸዋል።

በ1890 በርሊን ላይ ኤሚል ፎን ቤሪንግ እና ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ መርዙን የተቋቋመ እንስሳ ደም ለሌላው መድኃኒት እንደሚሆን አሳዩ። ብዙም ሳይቆይ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ሴረም ሕፃናትን ማዳን ጀመረ። ችግሩ የአንዱ ሴረም ኃይል ከሌላው አለመመሳሰሉ ነበር። በ1897 ፖል ኤርሊክ መላ አገኘ። መርዙ ሲቀመጥ ስለሚደክም ሚዛን አይሆንም፤ ስለዚህ ደርቆ በጥንቃቄ የተቀመጠ ሴረምን መለኪያ አደረገ።

ኃይልን መለካት ብቻውን ግን አልበቃም። በ1901 በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ጂም ከተባለ ፈረስ የተቀዳ ሴረም 13 ሕፃናትን ገደለ። ፈረሱ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ይዞት ነበር፤ ሴረሙም በአግባቡ ሳይፈተሽ ታደለ። በ1902 የአሜሪካ ኮንግረስ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ፈቃድና ቁጥጥር እንዲኖራቸው ሕግ አወጣ።

ዛሬ የኢትዮጵያ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በሚወስዱት ክትባት ውስጥ ያው መርዝ አለ፤ ገዳይነቱ ግን ተወስዶበታል። እናት ጠርሙሱን አትመረምርም። የምታምነው ከጀርባው ያለውን ፈታሽ ነው። ፈታሽ ሲተኛ የሚከፈለውን ዋጋ ሴንት ሉዊስ በ13 ሕፃናት አይታዋለች።