ሲም ካርዳችሁ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ ቁጥራችሁ ሊወሰድ ይችላል

ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፣ ቻርጅ አለው፣ ግን ኔትወርክ የለም። አጠገባችሁ ያለው ጓደኛችሁ በዚያው ኔትወርክ እያወራ ነው። ይሄኔ "ይመጣል" ብላችሁ አትጠብቁ።

"ሲም ስዋፕ" የሚባለው ማጭበርበር አዲስ ቴክኖሎጂ አይፈልግም። ሲም ሲጠፋብን ሄደን በዚያው ቁጥር ምትክ እናወጣ የለ? አጭበርባሪውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሐሰተኛ መታወቂያ ወይም ከውስጥ ሠራተኛ ጋር ተመሳጥሮ፣ እናንተን መስሎ "ሲሜ ጠፋብኝ" ይላል። አዲሱ ሲም ሲከፈት የእናንተ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በኤስኤምኤስ የሚላክ ኮድ ሁሉ የሚደርሰው ለእሱ ነው።

ትልልቆቹም አልተረፉም። በ2019 እ.ኤ.አ. የትዊተር መሥራች የጃክ ዶርሲ የራሱ አካውንት በዚህ መንገድ ተወስዷል። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የኤክስ ገጽ ተጠልፎ ስለ ቢትኮይን የሐሰት ዜና ተለቀቀበት። ከጠላፊዎቹ አንዱ ሐሰተኛ መታወቂያ ይዞ አላባማ ውስጥ አንድ ስልክ መሸጫ ሱቅ ገብቶ ነው ሲሙን ያወጣው። ገጹ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረም።

እኛ አገር ብዙዎቻችን የምንጎዳው በቴሌግራም ነው። የገባው ሰው ለእናታችሁም ለጓደኛችሁም "ቸግሮኝ ነው፣ እስከ ማታ 5 ሺህ ብር" ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን አብሩ። ኮዱ እጁ ቢገባ እንኳ ፓስዋርዱን ካላወቀ አይገባም። ዋትስአፕም ተመሳሳይ ባለ 6 አሃዝ ፒን አለው። ለኢሜይልና ለፌስቡክ ከኤስኤምኤስ ይልቅ እንደ ጉግል ኦተንቲኬተር ያለ አፕ ይሻላል። የቴሌብርና የኤምፔሳ ፒን ከልደት ቀናችሁ የተወሰደ ከሆነ ቀይሩት፤ መታወቂያችሁ ላይ ተጽፏል እኮ። የመታወቂያ ፎቶም ለማያውቁት ሰው አይላክም።

ሲም ላይ የሚደረገው ፒን ስልክ ሲሰረቅ ይጠቅማል እንጂ ይህንን አያስቆምም።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሲሙ በማን ስም ነው? በወንድም፣ በድሮ ጓደኛ፣ በሸጠላችሁ ሰው ስም የወጣ ቁጥር ከተወሰደ የእኔ ነው ብላችሁ ለማስመለስ ማስረጃ የላችሁም። ወደ ራሳችሁ ስም አዙሩት።

ቀድሞ ከተወሰደስ? በሌላ ሰው ስልክ የኢትዮ ቴሌኮምን 994 ወይም የሳፋሪኮምን 700 ደውላችሁ ቁጥሩን አሳግዱ፣ ቀጥሎ ባንካችሁ ጋ ደውሉ። ከዚያ ዋይፋይ ፈልጉ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ቴሌግራም አሁንም ሊሠራ ይችላል። ዲቫይስስ ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁትን ስልክ አስወጡት። ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ወዲያው ነባሩን እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ከፈጠናችሁ ቅድሚያው የእናንተ ነው። ቤተሰብና ጓደኛ "ብር እንዳትልኩ" በሉ፣ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ ማዕከሉ ሂዱ፣ ብር ከወጣ ደግሞ ለፖሊስ አመልክቱ።